«ጥበብ ከጠገቡ በኋላ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ጥበብ ከጠገቡ በኋላ ነው» በሚል ርእስ የቀረበ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ ስድብ የሌለበትና ሐሳቡን በወጉ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ አንብቦ ከማለፍ ይልቅ ነጥብ በነጥብ መልስ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አሰብሁ። ላላነበቡት ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው የሚሉት አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኪነ ጥበብ የምግብ፣ የመጠለያና የሕክምና ጥያቄው የተመለሰለት ሕዝብ የሚደርስበት ደረጃ እንጂ እንደኛ ላለ ድሃ አገር የዕለት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ወጣቱን ወደ ሥዕልና ወደ ቅርጻ ቅርጽ መምራት ከምሕንድስናና ከሕክምና መንጠቅ ነው። ሦስተኛ፣ የዘመኑ ሠዓሊዎች የሚሠሩት ለሕዝቡ የማይገባ ነገር ስለሆነ ሕዝቡ ቢርቃቸው አይወቀስም። አራተኛ፣ ሥራቸው ዋጋ ካለው ገበያው ይከፍላቸዋል፤ ካልከፈላቸውም ከሕዝብ ክብርና ድጋፍ መጠየቅ አይገባቸውም። አምስተኛ፣ ዛሬ በእጅ ስልክ በጥቂት ሴኮንድ ሥዕል ማውጣት ስለተቻለ ክርክሩ ራሱ ጊዜው አልፎበታል።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ የቀሩት አራቱ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና።

ጸሐፊው «ኪነ ጥበብ» ሲሉ በዐይነ ሕሊናቸው የሚታያቸው በክፈፍ ተይዞ ነጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል፣ የሚቆረጥ ሪባን፣ ብርጭቆ ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ከእርሳቸው ጋር እስማማ ነበር። ግን እናቴ ቤት አንድ መሶብ አለ። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። የክዳኑ ጠርዝ ተበልቶ በቆዳ ተጠግኗል፤ እግሩ አካባቢ ያለው አለላ ደግሞ ከመጠረግ ብዛት ቀለሙን ለቅቆ፣ ወይን ጠጅ የነበረው ዛሬ ግራጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ክዳኑን አንሥቶ ውስጡን ላየ ግን ፀሐይ ስላልደረሰበት ቀለሙ ትናንት የተነከረ ይመስላል። እንጀራ ለመያዝ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ስንደዶው ሳይነከር እንዲያው ቢሰፋም መሶቡ ያው መሶብ ነው፤ እንጀራው በዚህ ምክንያት ፈጥኖ አይሻግትም። ሰፊዋ ግን ሣሩን አጭዳ፣ አድርቃ፣ ነክራ፣ የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ወስፌዋን ይዛ ስትቀመጥ የቀለሙን ተራ በየዙሩ መቁጠር ነበረባት። መሶብ ወደ ላይ ሲወጣ ዙሩ ይሰፋል፤ ስለዚህ ታች በሦስት ጥልፍ የጀመረው ቀይ ላይ ሲደርስ ስንት መሆን እንዳለበት ቀድማ በልቧ ማስላት አለባት። አንድ ዙር ላይ ብትሳሳት መልኩ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምም። ይህች ሴት ጠግባ አልነበረም ይህን የሠራችው። እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ በዚያ ዓመት በሰፈሩ የጠገበ ሰው ጥቂት ነበር።

ጸሐፊው ምናልባት ይህ «የእጅ ሥራ» እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም ይሉ ይሆናል። ልዩነቱን የሚያውቁበት መለኪያ ካላቸው ቢነግሩን ደስ ይለኛል፤ በጽሑፋቸው ውስጥ ግን አላገኘሁትም።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ ባለች አነስተኛ ከተማ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ዘበኛ ነው። ድንኳኑም ወንበሩም የእድር ነበር። ወንዶቹ በአንድ በኩል ተቀምጠው በዝግታ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ ሟቹ ሌሊት ሌሊት ሲከፍተው የኖረውን የሰው በር አነሣችና፣ የእርሱን በር ዛሬ ማን እንደከፈተለት የሚጠይቁ ሁለት ስንኞች አወጣች። ሲሚንቶው እዚያው ላይ ቆመ። ጋቢ የለበሰው ሁሉ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ያቺን ሴት ገጣሚ ብሎ የሚጠራት ሰው የለም፤ ከድንኳኑና ከንፍሮው ባላነሰ ግን እርሷም ታስፈልግ ነበር። ኪነ ጥበብ የጥጋብ ተከታይ ከሆነ፣ ምንም የሌለው ሰው ልጁን በእሹሩሩ የሚያስተኛው፣ እህል የምትፈጭ ሴት በእንጉርጉሮ ወፍጮዋን የምትገፋው፣ ሬሳ በተቀመጠበት ቤት ስንኝ የሚደረደረው ለምን እንደሆነ ጸሐፊው ሊያስረዱን ይገባል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ሌላ ነገር ባነሰ ቁጥር ሰው ይህን አጥብቆ ይይዘዋል።

እንዲያውም ቋንቋችን ይህን ክርክር ከእኛ በፊት ጨርሶታል። ጥበብ ማለት ማስተዋል ነው፤ ብልሃትም ነው፤ በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ባለቀለም ጌጥም ስሙ ጥበብ ነው። የልብስ ጠርዝንና የሰለሞንን ዕውቀት በአንድ ቃል የጠራ ሕዝብ ጌጥን ትርፍ ነገር አድርጎ አያስብም። ችግሩ ያለው በዚያው ሥር ላይ ነው፤ ጠቢብ ከሚለው ቃል ጠይብ የሚል ስድብ አውጥተናልና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይህንኑ ነበር የገሠጹት፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ የሚነግደው መጫኛ ነካሽ እየተባለ መሰደቡ እንዲቀር። አዋጁ መቶ ዓመት ካለፈው ቆይቷል። እንግዲህ ጥበብ ከሕዝብ ዘንድ ተገቢውን ክብር ያጣው በድህነታችን ምክንያት ነው የሚለውን የጸሐፊውን ሐሳብ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ጥበቡ በየቤታችን ሞልቷል፤ የጎደለው የሠራውን ሰው ማየት ነው። ሥራውን እየለበስንና እየበላንበት ሠሪውን የማናይበት ልማድ ከድህነታችን በፊት የነበረ ነው፤ የጠገበውም ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ወጣቱን ከምሕንድስና ስለ መንጠቅ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት ጥሩ ታሪክ ያስታውሱናል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ገና መውጣቷ ነው፤ መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ የጸሐፊው ክርክር ከዛሬው ይልቅ በዚያን ጊዜ ብርቱ ነበር። ወጣቱ ግን በለንደን ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት አዘነበሉ፤ በኋላም ስሌድ በተባለው የለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አንድ መቶ ኀምሳ ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ሠሩ። ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ነው፤ የአህጉሪቱን ያለፈውን፣ የአሁኑንና የሚመጣውን ጊዜ የሚያሳይ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው። ለፊርማው የመጡት መሪዎች ሁሉ ካለፉ በኋላም መስታወቱ እዚያው አለ፤ ሕንፃው ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲከፈት ሰው ለማየት የጓጓው እርሱን ነበር። አንድ የማዕድን መሐንዲስ ቀርቶብናል፤ ይህን አልክድም።

ግን ነገሩ የአንድ ታላቅ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ከምሕንድስና የሚሻማ ቦታ መክፈታቸው አልነበረም። ልጅ የሚማርበት መጽሐፍ ሥዕል፣ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስለ ክትባት የሚያስረዳው ፖስተር፣ የዘይት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፣ ይህን ሁሉ አንድ የሠለጠነ እጅ መሥራት አለበት። ካልሠለጠነም ያው ይሠራዋል፤ ውጤቱን በየሰፈሩ እያየነው ነው።

እኔ የተማርሁበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን በፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ነበር። አስተማሪ ግን አልተመደበለትም፤ የሒሳብ መምህሩ ያላለቀለትን ምዕራፍ ይጨርስበት ነበር። በጸሐፊው ስሌት እኛ ያተረፍን ተማሪዎች ነን። ከእኛ መካከል ምሕንድስና የገቡት ልጆች ዛሬም ሲገናኙ የሚያነሡት ግን በአንደኛ ዓመት ያንገላታቸው ካልኩለስ ሳይሆን የመሐንዲስ ንድፍ እንደነበረ ነው። አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይተው ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አቃታቸው፤ ዐይናቸውና እጃቸው አብረው ሠርተው አያውቁማ። የተነጠቀ ነገር ካለ በዚያች ክፍለ ጊዜ የተነጠቀው ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ፣ ማለትም የዘመኑ ሥዕል ለሕዝብ አይገባም የሚለውን፣ በግማሽ እቀበለዋለሁ። የሥዕል ማሳያዎቻችን ብዙ ጊዜ በራቸው ክፍት ሆኖም የተዘጉ ናቸው። ዘበኛው ጫማህን ያይሃል። ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ ካለም በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ከእንግሊዝኛው የባሰ የማይገባ ይሆናል። ይህ የሠዓሊዎቹና የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ጸሐፊው የጻፉት አንቀጽ ትክክል ነው።

ያልተቀበልሁት ግማሽ ግን «ሕዝቡ አይገባውም» የሚለው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በደብሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ሲያነብ ኖሯል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን በሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዐይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎናቸው በአንድ ዐይን ብቻ ይቀርባሉ። በመጨረሻው እራት ማዕድ ይሁዳ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ አንድ ዐይናውን መፈለግ ነው። ይህን ገበሬው ከአባቱ፣ አባቱም ከመምህሩ ተማረው። ዛሬ ግን ዲግሪ የያዘ የከተማ ልጅ ጎንደር ሄዶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲገባ ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች በስልኩ አንሥቶ ይወጣል እንጂ፣ ግድግዳው ላይ ማን ስለምን በጎኑ እንደተሣለ ሲጠይቅ አላየሁም። መረዳት ከትምህርት የሚመጣ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ከተቋረጠ ጥንታዊውም አይገባም።

ቅርጽ የሌለው የቀለም ሥዕል፣ ረቂቅ የሚባለው፣ ጸሐፊውን በተለይ አስቆጥቷቸዋል። ይህ ቁጣ አዲስ አይደለም፤ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሰው ሥራዎቻቸውን ሲያሳዩም ብዙ ሰው ግራ ተጋብቷል። ግን እስቲ ወደ መሶቡ እንመለስ። መሶቡ ላይ የሰው መልክ የለም፤ ተራራ የለም፤ ወፍ የለም። ያለው ቀለምና መስመር፣ መደጋገምና መለወጥ ብቻ ነው። ጥለቱም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው በየቀኑ ከረቂቅ ሥዕል ላይ እንጀራ እየቆረሱ ይበላሉ፤ በበዓል ቀን ረቂቅ ሥዕል ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ አንድም ቀን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው አልጠየቁም። ያንኑ ቀለምና መስመር ሸራ ላይ ሲያዩት ነው የሚቆጡት። ዐይናቸው ሥራውን ያውቀዋል፤ ቦታው ነው እንግዳ የሆነባቸው።

አራተኛው ነጥብ ገበያ ነው። ሽሮ ሜዳ ከሚሠሩ ሸማኔዎች አንዱን አውቃለሁ፤ ከዶርዜ ወገን ነው፤ ሽመናን ከአባቱ የተማረው በልጅነቱ ነው። ከመቀመጫው በታች በተቆፈረው ጉድጓድ እግሮቹን አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሳልፍ እጁን ማየት ያደክማል። ነጩ ላይ ይሮጣል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። የድሩን ክሮች በጣቱ ቆጥሮ ያነሣል፤ ባለቀለሙን ክር በሥራቸው ያሳልፋል፤ ይመታል፤ እንደገና ይቆጥራል። የቀሚስ ጠርዝ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የጨመረው ስንት ጣት እንደሆነ በእጁ ለክቶ ያሳያል። ከእርሱ በር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ያው የሚመስል ጥለት በፋብሪካ ታትሞ በጣም በርካሽ ይሸጣል። ገዢዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች፤ ርካሹን ታነሣለች። በጸሐፊው አነጋገር ገበያው ፈረደ።

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ገበያ የሚፈርደው ገዢው የሚያየውን ያህል ነው። ልብሱን ገልብጣ ብታየው የታተመው በጀርባው ደብዝዞ፣ የተሸመነው ግን ክሩ ራሱ ወደ ኋላ አልፎ ይታያት ነበር። ገልብጦ ማየትን ያስተማራት ግን የለም። የሕዝብ ክብር የምንለው ነገር ለሠዓሊና ለሸማኔ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም፤ ገዢዋ ልብሱን እንድትገለብጥ የሚያደርጋት ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ባለበት ገበያውም በተሻለ ይከፍላል፤ በሌለበት ደግሞ ገበያው የሚሸልመው የሚመስለውን እንጂ የሆነውን አይደለም።

ከዚያም የማይሸጥ ጥበብ አለ፤ ይህን ጸሐፊው ጨርሰው ዘለውታል። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው፣ ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ ለ1948 ዓ.ም. የዘውድ ኢዮቤልዩ የሠራው አንበሳ ለማን ይሸጣል? ሰው ግን በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ «አንበሳው ጋ ጠብቀኝ» ይላል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አቅጣጫ የምንነግረው በሐውልቶቹ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ግንባታ ሲነሣ በዚያን ቀን ሥራቸውን ትተው ቆመው ያዩ፣ ያለቀሱም ሰዎች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ እስኪቆምም ድረስ «መቼ ነው የሚመለሰው?» የሚለው ጥያቄ ከአካባቢው ሰው አፍ አልወረደም። ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንድም የሥዕል ማሳያ ደጅ ረግጠው የማያውቁ ብዙዎች እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። የላሊበላን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉትም እጆች በገበያ ተወዳድረው አይደለም የሠሩት፤ ዛሬ በዚያች ከተማ አስጎብኚው፣ ባለ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ የሚበላው ግን ከዚያ ድንጋይ ነው።

የምንጠይቀው ደግሞ ጸሐፊው እንደሚፈሩት ከክሊኒክና ከውኃ ጉድጓድ የሚቀነስ ገንዘብ አይደለም። ሐውልቱ ሥር የቀራጺው ስም በአማርኛ ይጻፍ። በትምህርት ቤት የተጻፈችው የሥዕል ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ይመደብላት። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ግድግዳው መቀባቱ ስለማይቀር፣ ከመቀባቱ በፊት አንድ ሠዓሊ ይጠየቅ። ሸማኔው በበዓል ሰሞን ዜና ላይ ሲቀርብ «ባህላዊ አልባሳት» ተብሎ ልብሱ ብቻ አይታይ፤ ሰውየውም ይታይ፣ ስሙም ይነገር። የማሳያዎቹም ዘበኞች ጫማ ማየት ይተዉ። ከዚህ ውስጥ ክሊኒክ የሚያዘጋ የትኛው ነው?

አምስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየኝም። ስልክ በጥቂት ሴኮንድ የመሶብ ሥዕል ያወጣል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ዙሩ አይገጥምም፤ ቀዩ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ነገ ይስተካከል ይሆናል። ቢስተካከልም ግን ማሽኑ የተማረው ከእነዚያ ስማቸው ካልተጻፈ ሴቶች መሶብ ነው፤ ስለዚህ የሠሪዎቹ ጉዳይ ጊዜው አለፈበት ከማለት ይልቅ ከፊቱ የበለጠ አጣዳፊ ሆነ ቢባል ይቀርባል። ለቅሶ ላይም ስልኩን አውጥቶ ስንኝ የሚያስጽፍ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከጸሐፊው ጽሑፍ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አብሮ ወጥቷል፤ ጥሩ ፎቶግራፍ ነው። ጠዋት ላይ የተነሣ ይመስላል፤ ብርሃኑ ከመስኮት በአንድ ጎን ገብቶ ከጀበናው በሚወጣው እንፋሎት ላይ አርፏል። ቡና የምትቀዳው ሴት የለበሰችው ቀሚስ ጠርዙ ጥበብ ነው። ከእግሯ ሥር ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ስኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ከኋላዋ ጥግ ላይ አንድ መሶብ ክዳኑን ደፍቶ ይታያል። ጀበናውን የሠራችውን ሸክላ ሠሪ፣ ቀሚሱን የሸመነውን፣ መሶቡን የሰፋችውን አናውቅም እንበል፤ የፎቶግራፍ አንሺውን ስም ግን ጸሐፊው ሳያውቁት አይቀሩም። ከፎቶግራፉ ግርጌ ብፈልግ፣ ገጹን ገልብጬ ብፈልግ አላገኘሁትም።